ሶዶ ላይ 14፣ ስልኩ ውስጥ 21፦ መተግበሪያዎች ልጆችን የሚጠብቁት እንዴት ነው?

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። ወላይታ ሶዶ የምትኖር አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አስቡ። የተወለደችው ጥቅምት 2004 ዓ.ም. ነው። ጥር 2018 ላይ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በእናቷ ስልክ የቲክቶክ አካውንት ልትከፍት ፈለገች። መተግበሪያው ገና ከመጀመሪያው የልደት ቀኗን ጠየቃት። የዓመቶቹን ዝርዝር በጣቷ እየገፋች ሄዳ 2004 ላይ አቆመች። አልዋሸችም። ትምህርት ቤት ስትመዘገብ የተጻፈላት፣ እናቷም የምታውቀው ዓመት ይኸው ነው።

ስልኩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። ለእሱ ጥቅምት 2004 ማለት ኦክቶበር 2004 ነው፤ የእኛ ጥር 2018 ደግሞ ለእሱ ጃንዋሪ 2026 ነው። ቀንሶ ያገኘው መልስ 21 ዓመት ከ3 ወር ሆነ። የ14 ዓመቷ ልጅ በአንድ ጣት ግፊት ለአካለ መጠን ደረሰች!

ነገሩ ሊያስቅ ይችላል፤ ግን ቀልድ አይደለም። ልጆችን ኢንተርኔት ላይ ለመጠበቅ ከተሠሩት መከላከያዎች ብዙዎቹ የሚበሩትም የሚጠፉትም በዚህች ቁጥር ነው። ቁጥሯ ከተሳሳተች በሩ ሳይቆለፍ ያድራል። ታዲያ መከላከያዎቹ እንዴት ነው የሚሠሩት? የተሠሩትስ ምን ዓይነት ልጅ ታስቦ ነው? ሶዶ፣ ቦዲቲ ወይም አረካ ያለ ልጅ ጋ ሲደርሱስ የት የት ላይ ያፈሳሉ?

ማንም የማይነካው ቅንብር

አዲስ አፕ ስትከፍቱ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ስንቱን ነገር ትቀይራላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። ብዙዎቻችን ፎቶ እናስገባለን፣ ስም እንጽፋለን፣ በቃ። የቀረውን ሠሪው እንደተወው እንተወዋለን። ይህ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ የሚያገኘው ቅንብር በባለሙያዎች ዘንድ "ዲፎልት" ይባላል።

የዲፎልትን ጉልበት ለማየት ለአንድ አፍታ ከኢንተርኔት እንውጣ። ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የሰውነት ክፍላቸውን ለመለገስ ምን ያህል ፈቃደኛ እንደሆኑ በአውሮፓ አገሮች መካከል አወዳደሩ። ጀርመን ውስጥ ለጋሽ ለመሆን ራስህ መመዝገብ ነበረብህ፤ ፈቃደኛ የሆነው 12 በመቶ ነበር። ጎረቤቷ ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ "አልፈልግም" ብሎ ያላመለከተ ሁሉ እንደ ፈቃደኛ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ 99.98 በመቶ ሆነ። የሁለቱ አገር ሕዝብ በደግነት ይህን ያህል ይለያያል ብሎ የሚያምን የለም። የተለየው ቅጹ ነው።

አሁን ይህንኑ ወደ ልጆች አምጡት። አንድ አካውንት ሲከፈት ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ማንም ሰው የልጁን ቪዲዮ ያያል፣ አስተያየት ይጽፋል፣ ኢንቦክስ ይገባል። ልጁ ይህን ለመዝጋት መጀመሪያ አደጋው መኖሩን ማወቅ፣ ቀጥሎ ሴቲንጉን ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም የተጻፈውን እንግሊዝኛ መረዳት አለበት። አካውንቱ ገና ሲከፈት ዝግ ከሆነ ግን ልጁ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ድካሙ ሊከፍተው ለፈለገ ሰው ይሆናል።

ብሪታንያ ይህን ሐሳብ ወደ ደንብ ለወጠችው። "ዕድሜን ያገናዘበ ንድፍ" ሊባል የሚችለው ይህ ደንብ 15 መመዘኛዎች አሉት። ከሴፕቴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ሲሆን ኩባንያዎቹ እንዲዘጋጁ አንድ ዓመት ተሰጣቸው። በዚያች ዓመት ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። ጃንዋሪ 2021 ላይ ቲክቶክ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን አካውንት ሁሉ ዝግ አደረገው። በማርች ኢንስታግራም አዋቂዎች ለማይከተሏቸው ታዳጊዎች ሜሴጅ እንዳይልኩ ከለከለ፤ በጁላይ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አዲስ አካውንት ሲከፍቱ ዝግ ሆኖ እንዲጀምር አደረገ። በኦገስት ዩቲዩብ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚጭኑት ቪዲዮ መጀመሪያ ለራሳቸው ብቻ እንዲታይ፣ ቪዲዮዎች በራሳቸው እየተከታተሉ መከፈታቸውም እንዲቆም አደረገ። ደንቡ የእንግሊዞች ቢሆንም ለውጡ እንግሊዝ ላይ ብቻ አልቀረም።

በነገራችን ላይ 13 ዓመት የሚባለው ወሰን ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከሥነ ልቦና ጥናት አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ፣ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ከለከለ። ኩባንያዎቹም ፈቃድ ከመለመን ይልቅ "ከ13 በታች አይግባ" ማለቱ ቀለላቸው። የኛ ልጆች ስልክ ላይ ያለው ወሰን የዚያ ውርስ ነው።

ከላይ የዘረዘርኳቸውን መከላከያዎች እንደገና ብታነቧቸው ሁሉም "ዕድሜው ከዚህ በታች ከሆነ" በሚል ነው የሚጀምሩት። የሶዶዋ ልጅ 21 ዓመቷ ነው ተብሎ ስለተመዘገበ አንዱም አይደርስላትም።

ሰባት ወይም ስምንት

ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ድረስ የኛ ዓመት ከነሱ በ7 ያንሳል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ድረስ በ8። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወላይታ ውስጥ ደግሞ የዘመን መለወጫው በዓል ጊፋታ ራሱ መስከረም ላይ ስለሚውል የዓመቱ መባቻ ለማንም እንግዳ አይደለም። ግን ዕውቀቱ በልጅ ጭንቅላት ውስጥ መኖሩና ስልክ ላይ ሲሞላ ትዝ ማለቱ ይለያያል። ሕጋችን ራሱ ሁለት ዓመት ነው ያለው፦ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ በአማርኛ 958/2008 ሲባል በእንግሊዝኛው 958/2016 ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም በአማርኛ 1321/2016፣ በእንግሊዝኛ 1321/2024። የተማረ ሰው እንኳ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ያነሳል።

መፍትሔው ውድ ቢሆን ኖሮ ኩባንያዎቹን መውቀስ ይከብድ ነበር። ግን ርካሽ ነው። የዓለም ሶፍትዌሮች ቋንቋና ቀን ለማስተናገድ በሚጋሩት አይሲዩ በተባለው የኮድ ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ከጊዜ በፊት ገብቷል። ማለትም ቅየራው ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ሠሪው መጥራት ብቻ ነው ያለበት።

እንዲያውም ሌላ የተሻለ ዘዴ አለ፤ እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። መተግበሪያው የተወለዱበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን በሌላ ገጽ ላይ "አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?" ብሎ ይጠይቅ። ዕድሜ ካላንደር የለውም፤ 14 በፈረንጅም በአበሻም 14 ነው። ከዚያ ሁለቱን መልሶች ያወዳድር። ልጅቷ 14 ብላ፣ ከዓመቱ ሲሰላ ግን 21 ወይም 22 ከመጣ፣ ልዩነቱ ልክ 7 ወይም 8 ነው። ይህ እንደ ጣት አሻራ ነው፦ ተጠቃሚዋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልታለች ማለት ነው። መተግበሪያው ወዲያው "በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሞላሽው?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሊዋሽ የፈለገ ልጅን ይህ አያስቆመውም። ሳይዋሽ ለተሳሳተው ግን ይደርስለታል፤ ለእሱ እስከ ዛሬ ማንም አላሰበለትም።

ከሰዓት ጋር ስናነጻጽረው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ቲክቶክ ከ13 እስከ 15 ዓመት ላሉት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ማሳወቂያ አይልክም፤ በፈረንጆቹ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ግን ስህተት አይፈጠርም፤ ምክንያቱም ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ያውቀዋል፣ ልጁ አይጠየቅም። ስህተቱ የሚፈጠረው ማሽኑ የማያውቀውን ነገር ከሰው ሲጠይቅ፣ ግን የሰውየውን አገር ሳያስብ ሲጠይቅ ነው።

ወረቀት፣ ፊት ወይስ ፋይዳ?

"ታዲያ ለምን ልጁን ይጠይቃሉ፤ ማስረጃ አያዩም ወይ?" ልትሉ ትችላላችሁ። እንሞክረው።

የልደት የምስክር ወረቀት እንበል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲሱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ከዚያ ቀጥሎ፣ በዚያው ዓመት ነው። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚሆኑት ናቸው፤ ምናልባትም ይህን የምታነቡት እናንተ። ብዙዎች በኋላ ወረቀቱን አውጥተው ይሆናል፤ ግን ወረቀት የግድ ቢባል መጀመሪያ የሚቀረው የገጠሩ ልጅ ነው።

ፊት አይቶ ዕድሜ የሚገምት ማሽንስ? አለ፤ ሥራ ላይም ውሏል። ማሽኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዕድሜያቸው የታወቀ ፊቶችን አይቶ ይማራል፣ ከዚያ አዲስ ፊት ሲያይ ይገምታል። ችግሩ ያላየውን አለማወቁ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ሦስት ታዋቂ ሥርዓቶችን ፈትነው ነበር። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ የነበረው ከፍተኛ ስህተት 0.8 በመቶ ሲሆን ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ያ ጾታ ነበር፤ ዕድሜ ደግሞ ከዚያ ይከብዳል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2024 የዕድሜ ገማቾችን ሲፈትሽ ስህተታቸው እንደ ጾታና እንደ ትውልድ አካባቢ የሚለያይ ሆኖ አግኝቶታል።

ፋይዳስ? ሰው ሁሉ ዲጂታል መታወቂያ ሲኖረው የልደት ቀኑ መዝገብ ላይ ይገኛል። ግን የአንድ ሙሉ አገር ልጆችን መታወቂያ ለውጭ ኩባንያ ማስረከብ ከመጀመሪያው አደጋ የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ከሒሳብ ሊቃውንት የመጣ ደስ የሚል ሐሳብ አለ። መተግበሪያው "ይህ ሰው ከ16 ዓመት በላይ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ መዝገቡ "አዎ" ወይም "አይደለም" ብሎ ብቻ ይመልሳል። ስም የለም፣ ቀን የለም፣ ቁጥር የለም። የአውሮፓ ኮሚሽን በጁላይ 2025 በዚህ መንገድ የሚሠራ የዕድሜ ማረጋገጫ አፕ ንድፍ ይፋ አድርጓል። ፋይዳም በዚህ መልክ ይጠየቅ ቢባል በኔ አስተያየት የሚደገፍ ነው፤ መታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ ከተባለ ግን በጭራሽ።

አንድ ስልክ፣ አምስት ሰው

እስካሁን ያየነው ሁሉ አንድን ነገር ሳይናገር ያስባል፦ አንድ ስልክ የአንድ ሰው ነው ብሎ። ወላይታ ውስጥ ባለ ብዙ ቤት ግን ስልኩ የአባት ነው፣ ሲም ካርዱም በአባት ስም ነው፤ ማታ ማታ ታላቅ ወንድም ይወስደዋል፣ ቅዳሜ ደግሞ የታናሽ እህት ተራ ነው። አካውንቱ አንድ ነው። በአባት ዕድሜ የተከፈተ አካውንት የሚያመጣው ቪዲዮም፣ ሜሴጁም ለአባት የታሰበ ነው።

"የወላጅ ቁጥጥር" የሚባለውም እዚህ ይሰናከላል። አሠራሩ ወላጅ አንድ ስልክ፣ ልጅ ሌላ ስልክ ይዘው ሁለቱ እንዲገናኙ ነው። አንድ ስልክ ሲሆን ተቆጣጣሪውና ተቆጣጣሪው የሚቆጣጠረው አንድ ላይ ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ በብዙ ቤት ስልኩን ከወላጁ በተሻለ የሚያውቀው ልጁ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ያወጣው ማን ሆነና!

ለእንዲህ ያለ ቤት የሚሆን ንድፍ እንዴት ያለ ነው? አንዱ መንገድ ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ እንደሚያደርጉት ሲከፈት "ማን ነው?" ብሎ መጠየቅና የልጅ መግቢያ ማበጀት ነው። ሌላው፣ እኔ የምመርጠው፣ ጥበቃውን ከዕድሜ ጋር ብቻ አለማሰር ነው። ለምሳሌ የማይታወቅ ሰው የላከው ፎቶ ለማንኛውም ተጠቃሚ፣ ለአባትም ለልጅም፣ መጀመሪያ ደብዝዞ ይታይ። አባትየው አንዴ ይነካና ያየዋል፤ ምንም አልጎዳውም። ልጅቷ ግን ሳታስበው ከማየት ትድናለች።

ቋንቋውን የማያውቅ ዘበኛ

አንድ ግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ አስቡ፤ የሚገባ የሚወጣውን ወሬ ይሰማል፣ ክፉ ቃል ከሰማ ያስቆማል። ዘበኛው ግን የሚያወሩበትን ቋንቋ አይሰማም። ወላይትኛ የሚጽፍ ልጅ ኢንቦክስ በር ላይ የቆመው ማሽን እንዲህ ነው።

ማሽኖቹ ክፉ ጽሑፍን የሚለዩት ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ነው። እንግሊዝኛ በቢሊዮን የሚቆጠር ገጽ አለው። ወላይትኛ በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ አፍ የፈቱበት ሰዎች ነበሩት፤ ትምህርት ቤት ይማሩበታል፣ በላቲን ፊደል ይጽፉበታል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ወላይትኛ ከቃሉ መጨረሻ ላይ ቅጥያ የሚደራርብ ቋንቋ ስለሆነ አንድ ግስ ብዙ መልክ ይኖረዋል፤ የክፉ ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ መፈለግ እምብዛም አይሠራም። ልጆች ደግሞ አንዱን ዓረፍተ ነገር በወላይትኛ ጀምረው በአማርኛ ይቀጥሉና በእንግሊዝኛ ይጨርሳሉ፤ አንዴ በላቲን፣ አንዴ በፊደል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ በኖቬምበር 2021 ስለ ኢትዮጵያ ባወጣው መግለጫ ይዘት የሚገመግምባቸውን ቋንቋዎች ሲዘረዝር የጠራው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ትግርኛን ነው። አራት። አገራችን ውስጥ ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ።

ታዲያ ቋንቋ የማይፈልግ ዘበኛ አይኖርም? ይኖራል፣ ሁለት ዓይነት።

አንደኛው ምስል ላይ ይሠራል። በ2009 ማይክሮሶፍትና ሃኒ ፋሪድ የተባሉት ፕሮፌሰር ፎቶዲኤንኤ የሚባል ዘዴ ሠሩ። አንድን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጠዋል፣ መጠኑን ያስተካክላል፣ እንደ ደብተር ካሬ ይከፋፍለዋል፣ በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ብርሃንና ጨለማው እንዴት እንደሚለዋወጥ ይለካል። ከዚህ የሚወጣው ረጅም የቁጥር ሰንሰለት ነው። ፎቶው ትንሽ ቢቆረጥ ወይም ቀለሙ ቢቀየር እንኳ ሰንሰለቱ ብዙም አይለወጥም፤ ከሰንሰለቱ ግን ፎቶውን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ኩባንያዎች በልጆች ላይ በደል የሚያሳዩ፣ አስቀድሞ የታወቁ ምስሎችን የቁጥር ዝርዝር ይዘው፣ ፎቶዎቹን ማንም ሳያያቸው አዲስ የሚጫነውን ያነጻጽራሉ። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ዛሬ የተነሳና ማንም ያላወቀው ፎቶ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ድርጊትን ያያል። ልጅን የሚያጠምድ ሰው ስድብ አይጽፍም፤ እንዲያውም ቃላቱ ጣፋጭ ናቸው። "ብቻሽን ነሽ?" "ለማንም እንዳትነግሪ።" "ወደ ቴሌግራም እንሂድ።" የትኛውም ማጣሪያ ከነዚህ ውስጥ ነውር አያገኝም። አካሄዱ ግን ያስታውቃል፤ አንድ አዋቂ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለማያውቃቸው አርባ ታዳጊዎች "ሃይ" ካለ፣ አብዛኞቹም ካልመለሱለት ወይም ብሎክ ካደረጉት፣ ወላይትኛ ማወቅ አያስፈልግም። ግን አስተውሉ፤ ማሽኑ "ታዳጊዎች" መሆናቸውን በምን ያውቃል? በዕድሜያቸው። አርባዎቹም 2004 ብለው ከሞሉ እሱ የሚያየው አንድ ሰው ለአርባ አዋቂዎች ሰላምታ ሲልክ ነው።

የሚያውቁት ሰው ሲሆን

ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት በጋራ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ13 አገሮች ያካሄዱት ትልቅ ጥናት አለ፤ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ልጆችንም አነጋግሯል። ከውጤቶቹ አንዱ ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ያፈርሳል፦ ልጁን ኦንላይን የሚጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የክፍል ጓደኛ፣ ፍቅረኛ የነበረ።

ይህ የመተግበሪያ ንድፍን ያናውጣል፤ ምክንያቱም ከላይ ያየናቸው አጥሮች የተሠሩት ለባዕድ ነው። "ከኮንታክቴ ውጭ ያለ ሰው አይጻፍልኝ" የሚለው ቅንብር ኮንታክት ውስጥ ያለውን አያስቆምም። ከወላይታ፣ ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶችን ወደ ደቡብ አፍሪካ እንወስዳለን የሚሉ ደላሎችን ታውቃላችሁ፤ እነሱም መጀመሪያ የሚመጡት በሚታወቅ ሰው በኩል ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋናው መሣሪያ ሪፖርት ማድረጊያው ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኞቹ አፖች ላይ ደካማው ክፍል ነው። ሦስት ነጥቧን ተጫን፣ ከእንግሊዝኛ ዝርዝር ውስጥ የወንጀሉን ዓይነት ምረጥ፣ ላክ፤ ከዚያ ዝም። አንድ የተደናገጠ ልጅ የሚፈልገው የወንጀል ምድብ አይደለም። "ፎቶዬን እበትነዋለሁ እያለ ገንዘብ እየጠየቀኝ ነው" የሚል፣ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር ነው የሚፈልገው፤ ቀጥሎም "ያለው ሰው አያውቅም፣ ማንነትህ አይገለጥም" የሚል መልስ። ጎጂው ጎረቤት ሲሆን ልጁን የሚያስፈራው "እኔ መሆኔን ቢያውቅስ?" የሚለው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ ወይም ከጓደኛችሁ ከሰማችሁ፦ ገንዘብ አትክፈሉ፤ የከፈለ እንደገና ይጠየቃል። መልእክቶቹን ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሾት አስቀምጡ፤ እርቃን የሚያሳየውን ፎቶ ግን ለማንም አታስተላልፉ። የምታምኑት አዋቂ ዘንድ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 12 በኮምፒውተር አማካኝነት ሕፃናትን ለወሲብ ማባበልንም፣ ምስላቸውን ማሰራጨትንም በእስራት ይቀጣል፤ ተበዳይዋ ልጅ ወንጀለኛ አይደለችም። የራሳችሁ ፎቶ እንዳይሰራጭ ለማገድ ደግሞ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶውን አይቀበላችሁም፤ ከላይ እንዳየነው ያለ የቁጥር ሰንሰለት እዚያው ስልካችሁ ላይ አውጥቶ ቁጥሩን ብቻ ይወስዳል፣ የተባበሩት ኩባንያዎችም በዚያ ያነጻጽራሉ።

ቴሌግራም ላይ የትምህርት ቤት ግሩፕ ያላችሁ ደግሞ አሁን አንድ ነገር አድርጉ። ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" የሚለውን ክፈቱ፤ ማን ወደ ግሩፕ ሊጨምራችሁ እንደሚችልና ማን በስልክ ቁጥራችሁ ሊያገኛችሁ እንደሚችል የሚሉትን ፈልጉ። ካልነካችኋቸው ሁለቱም "ሁሉም ሰው" የሚለው ላይ ናቸው። ዲፎልት ያልነው ይኼ ነው።

ዝም ብሎ መዝጋትስ?

አውስትራሊያ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው አድርጋለች። ውጤቱን ብዙ አገር እያየ ነው። እኛ ግን መዘጋትን ከሌላ አቅጣጫ እናውቀዋለን። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለአምስት ወር ያህል ቆዩ። ምክንያቱ የልጆች ደኅንነት አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ስንት ታዳጊ ቪፒኤን መጫን እንደተማረ አስታውሱ። ቪፒኤን ደግሞ ስልኩ ሌላ አገር ያለ ያስመስለዋል፤ እንደ አገሩ የሚሠራ ጥበቃ ሁሉ ይምታታል። ነጻ ቪፒኤኖች ራሳቸው የሚሰበስቡትን መረጃ ገና አላነሳንም። አንድን በር መዝጋት የሚጠቅመው ልጁ በየት በኩል እንደሚዞር ሲታወቅ ነው፤ እኔ ከመዝጋት ይልቅ ዲፎልቱን ወደ ማስተካከል አደላለሁ።

አሁን ወደራሳችሁ አካውንት ተመለሱና ተወለድኩበት ያላችሁትን ዓመት እዩት። 7 ወይም 8 ዓመት የጨመረላችሁ ከሆነ ስታስተካክሉት አንድ ወጥመድ ይጠብቃችኋል። አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች የልደት ቀንን አንዴ ከተሞላ በኋላ በቀላሉ አያስቀይሩም፤ ሰነድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ትክክለኛው ዕድሜ ከ13 በታች ከሆነ ደግሞ አካውንቱ ከነቪዲዮው ሊዘጋ ይችላል። እንግዲህ እውነቱን የተናገረ ልጅ ይቀጣል፤ ዝም ያለው 21 ዓመት ሆኖ ይኖራል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያጠኑ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ካጡ አንዱ ይኸው ነው፦ "ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የሞላሁት" የሚል ቁልፍ፣ በወላይትኛና በአማርኛ፣ ሲጫኑት አካውንቱን የማያጠፋ። እስከዚያው ግን ከማስተካከላችሁ በፊት ቪዲዮዎቻችሁን ስልካችሁ ላይ አውርዱ።